ቮሪኮናዞል ለአባቷ አልሠራ ላላት እህት

«አባቴ ለሳንባ ፈንገስ ቮሪኮናዞል እየወሰደ ለውጥ የለውም፤ ጎረቤታችን ግን በዚያው ኪኒን ድኗል። መድኃኒቱ ፎርጅድ ይሆን?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ሌላ ፋርማሲ ለመዞር አትቸኩዪ። የአባትሽ ነገር ቁርጥ የወንድሜን ነው። ከቱሉ ዲምቱ እየተመላለስን ያየነውን ልንገርሽ።

1. ደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ይለካ በዪ። ቮሪኮናዞልን በዋናነት የሚሰባብረው ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ሲ19 የሚባል ኢንዛይም ነው። ፍጥነቱ ከእናት ከአባት በሚወረስ ጂን ይወሰናል። አንዳንዱ ሰው ላይ በጣም ፈጣን ነው፤ ኪኒኑ ፈንገሱን ሳይጎዳ ያልቃል። ሌላው ላይ ቀርፋፋ ነው፤ ያው መጠን ይጠራቀምና ጉበት ይነካል፣ ዓይን ያጭበረብራል፣ የሌለ ነገር ያሳያል። ስለዚህ አባትሽና ጎረቤትሽ አንድ ኪኒን ቢውጡም ደማቸው ውስጥ ያለው መጠን ለየቅል ሊሆን ይችላል። «ይሄ የፈረንጅ ጉዳይ ነው» የሚልሽን አትስሚ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ፈጣን የሚያደርገውን የጂን ዓይነት ኢትዮጵያውያንም ስዊድናውያንም ላይ 18 በመቶ፣ ቻይናውያን ላይ ግን 4 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል።

2. ደሙ የሚቀዳበት ሰዓት። ገንዘባችንም ጊዜያችንም የተቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ምርመራ የሚሠራው ቀጣዩ ኪኒን ከመዋጡ በፊት በተቀዳ ደም ነው። ናሙና ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ላብራቶሪ ሄድን። ወንድሜ የጠዋቱን ውጦ ነበር፤ መቼ ዋጥክ ብሎ የጠየቀው ግን የለም። ሰዓቱ ለውጥ ያመጣል ወይ ብዬ ስጠይቅ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቀና እንኳ ሳትል «እኛ የታዘዘውን ነው የምንሠራው፤ ቀጣይ!» አለች። ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩ ቆንጆ ነው። ቆንጆ የሆነው ገና እንደዋጠ ስለተቀዳ ነው! በዚያ ወረቀት ምክንያት «መጠኑ በቂ ነው፤ ታገሱ» ተባልን። ወንድሜ ደም እየተፋ ታገስን። ይህን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በኋላ ሌላ ሆስፒታል ያገኘናት ሐኪም ወረቀቱን አየት አድርጋ «ስንት ሰዓት ዋጠ? ስንት ሰዓት ተቀዳ?» አለች። እግዜር ይስጣት። ምርመራው እንዲደገም አዘዘች። ኪኒኑን በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ከተትኩ፤ ሳይነጋ ታክሲ ያዝን። ደሙ ተቀዳ፤ እዚያው ወንበር ላይ ዋጠ። የሚፈለገው በግምት ከ1 እስከ 5.5 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ የእሱ ከ1 በታች ሆኖ ተገኘ።

አብሯት የነበረው ሐኪም ወዲያው «ኪኒኑን እየዘለለ ነው እንጂ እንዲህ አይወርድም» ብሎ እኔ ላይ አፈጠጠ። ደብተሬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። እያንዳንዱ መስመር ላይ የዋጠበት ሰዓት አለ። ከምግብ ስንት ሰዓት እንደራቀ አለ፤ ቮሪኮናዞል ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት መራቅ አለበትና። ከጎኑ የወንድሜ ፊርማ። ሰውየው ዝም አለ። እሷ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠችና የጂን ምርመራ ጻፈች። ፈጣኑን ጂን ከእናትም ከአባትም ወርሶ ተገኘ። እንዲህ ላለው ሰው ሌላ መድኃኒት እንዲመረጥ ሐኪሞች የሚከተሉት የሕክምና መመሪያ ራሱ ይላል። ወደ ፖሳኮናዞል ቀየረችለት፤ አክስታችን ከውጭ ላከችልን። ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቀው፤ ዛሬ ሥራ ገብቷል። ያንን ደብተር ስይዝ ቤተሰቡ ሁሉ «ምን ያደርግልሻል?» ይለኝ ነበር።

አደራ፣ አልሠራም ብለሽ በራስሽ መጠኑን እጥፍ እንዳታደርጊ። አባትሽ ከቀርፋፎቹ ወገን ከሆነ ጉበቱን ትጎጂዋለሽ። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የሚወስድ ከሆነም ተናገሪ፤ እሱ ደግሞ የቮሪኮናዞልን መጠን ከፍ ያደርጋል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር መልሺልኝ፦ አባትሽ አሁን የቲቢ መድኃኒት ላይ ነው? ከመድኃኒቶቹ መካከል ሪፋምፒሲን የሚባለው ካለበት የጂን ምርመራ አትጠብቂ። ሪፋምፒሲን የቮሪኮናዞልን መጠን ከ90 በመቶ በላይ ያወርደዋል፤ ሁለቱ አብረው አይሰጡም። የሚውጣቸውን ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዘሽ ነገውኑ ሐኪሙ ጋ ሂጂ። የቲቢውን ግን ራስሽ እንዳታቋርጪበት።