ዳታ ኢንኮደር ነኝ፤ አውቶሜሽን ብማር ሥራዬን አጣ ይሆን?

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ በአንድ የሥልጠና ተቋም ዳታ ኢንኮደር ነኝ። ተመዝጋቢዎች በማይክሮሶፍት ፎርምስ (በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽ) ይሞላሉ፤ እኔ አንድ በአንድ ወደ ዋናው የኤክሴል መዝገብ እገለብጣለሁ። ይህን በራሱ የሚሠራ ፓወር አውቶሜት የሚባል ነገር እንዳለ ሰማሁ። ልማረው ወይስ እንጀራዬን በገዛ እጄ መዝጋት ይሆንብኛል? ብማረውስ ሲቪዬ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?

መልስ፦ እህቴ፣ ተማሪው። ስጋትሽ ግን ከንቱ አይደለም። የመገልበጡ ሥራ አንቺ ተማርሽውም አልተማርሽው አንድ ቀን መቅረቱ አይቀርም። የሚቀጥለው መዝገቡ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው ነው። አካውንታንት ደግሞ ለዚህ የተሠራ ነው። የባንክ ሪኮንሲሌሽን (የባንክን መግለጫ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር) የሠራ ሰው «ከዚያ የወጣው እዚህ ገብቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያውቃል። ብዙ የኮምፒውተር ልጆች ይህን ጥያቄ አይጠይቁም።

ቱሉ (መሣሪያው፣ ማለትም ፓወር አውቶሜት) ራሱ ከባድ አይደለም። አዲስ ምላሽ ሲመጣ ይነሳል፣ የምላሹን ዝርዝር ያመጣል፣ ኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ይጨምራል። ፋይሉ የመሥሪያ ቤቱ ዋንድራይቭ ወይም ሼርፖይንት (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫዎች) ላይ መቀመጥ አለበት። ዝርዝሩም በኮንትሮል ቲ ወደ ሰንጠረዥ መቀየር አለበት፤ ካልሆነ ቱሉ አያየውም። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሻል።

ዋጋ የሚያስገኝልሽ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ስልክ ቁጥርን ውሰጂ። 09 ብሎ የሚጀምረውን ኤክሴል እንደ ቁጥር ካነበበው የፊተኛዋን ዜሮ ይጥላታል። ዓምዱን አስቀድመሽ ቴክስት አድርጊው።

ቀን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጥር 6 ቀን 2016 ለማለት 6/5/2016 ብሎ የሞላ ሰው አለ እንበል። ትክክለኛው የፈረንጆች ቀን ጃንዋሪ 15፣ 2024 ነው። ኤክሴል ግን እንደ ቀን አቀማመጡ (ሴቲንጉ) ሜይ 6 ወይም ጁን 5፣ 2016 አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ጳጉሜ 5 ተብሎ 5/13/2016 ከተጻፈ ደግሞ ወርን በሚያስቀድም አቀማመጥ ሜይ 13 ይሆናል። ምንም ዓይነት ስህተት አይታይም፤ ቀይ መስመር የለም፣ መልእክት የለም። ሪፖርቱ ብቻ ይበላሻል። ስለዚህ ሰው የሚሞላውን የኢትዮጵያ ቀን በቴክስት ዓምድ አስቀምጪ። ፎርሙ የተላከበትን ጊዜ ቱሉ ራሱ በሌላ ዓምድ፣ ዓመቱን አስቀድሞ፣ ይጻፈው። ይህን ችግር ከውጭ የመጣ መማሪያ አይነግርሽም። አገር ውስጥ የሚቀጥርሽ ሰው ግን በየወሩ ያየዋል።

ሌላው ድግግሞሽ ነው። አንድ ሰው ሁለቴ ይልካል፣ ወይም ቱሉ ኔትወርክ ተቋርጦበት ደግሞ ይሞክራል። የምላሹን መለያ ቁጥርና የሰውየውን ስልክ ቁጥር መዝገቡ ላይ ያዢና ረድፍ ከመጨመርሽ በፊት አንዳቸው አስቀድሞ መኖሩን አረጋግጪ፤ ሁለቴ የላከ ሰው መለያ ቁጥሩ ይለያያል። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፦ የሰንጠረዡን ረድፎች የሚዘረዝረው ትእዛዝ አቀማመጡን ካልቀየርሽለት 256 ብቻ ነው የሚያመጣው። በ20 ሰው ስትሞክሪው ያለ እንከን ይሠራል፤ መዝገቡ ሲያድግ ዝም ብሎ ድግግሞሽ ያሳልፋል። ይህን ኢንተርቪው ላይ ሳትጠየቂ ብትናገሪ፣ ሥራውን በእጅሽ እንደሠራሽው ጠያቂው ወዲያው ይገባዋል።

ሲቪሽ ላይ «ኤክሴል፦ በጣም ጥሩ» የሚለውን አጥፊው። ሁሉም ሰው ይጽፈዋል፤ ማንም አያምነውም። በምትኩ እንዲህ በይ፦ «የምዝገባ ምላሾችን በፓወር አውቶሜት ወደ ኤክሴል ሰንጠረዥ የሚያስገባ፣ ድግግሞሽ የሚለይ አሠራር ዘርግቻለሁ፤ የምላሾችንና የረድፎችን ብዛት በየሳምንቱ አመሳክራለሁ።» የመጨረሻዋን ሐረግ እንዳትተያት። ግን ያልሠራሽውን አትጻፊ።

ለቀጣሪ የምታሳዪውን ናሙና በፈጠራ ስሞችና ቁጥሮች ሥሪው። የተመዝጋቢዎችን እውነተኛ መረጃ ይዘሽ አትውጪ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ ባይኖርም እነዚያ ሰዎች ስልካቸውን የሰጡት ለሥልጠናው ነው።

ቤት ውስጥ የመሥሪያ ቤት አካውንት ከሌለሽ በጂሜይልሽ ጎግል ሺት ላይ ተለማመጂ፤ አፕስ ስክሪፕት (የጎግል የራሱ ኮድ መጻፊያ) በነፃ ረድፍ ይጨምርልሻል። ሐሳቡ ያው ነው። ለሰርተፊኬት ገንዘብ ለማውጣት አትቸኩዪ፤ ማይክሮሶፍት ለርን በሚባለው የኩባንያው የመማሪያ ድረ ገጽ ላይ ያለው ትምህርት ነፃ ነው።

አለቃሽን በተመለከተ፣ ተደብቀሽ አትሥሪው። ፋይሉ የእሳቸው ነው፤ ቱሉ እየጻፈበት ሳለ ሊቆለፍባቸውም ይችላል። ቀርበሽ እንዲህ በያቸው፦ «የምዝገባውን ግልበጣ በራሱ እንዲሠራ ማድረግ እችላለሁ። ሁለት ሳምንት ከእጅ ሥራዬ ጎን ለጎን በቅጂ ፋይል ላይ ልሞክረውና ልዩነቱን ላሳይዎት። የሚተርፈኝን ሰዓት ክፍያ ያላጠናቀቁትን ለመከታተልና ወርኃዊ ሪፖርት ለማዘጋጀት ላውለው።» ያን የመጨረሻውን ሥራ አስቀድመሽ አስቢበት፤ አለቃሽ ከራሳቸው ላያመጡት ይችላሉ። እምቢ ካሉም የሠራሽው ናሙና በእጅሽ አለ፤ በሱ ሌላ ቦታ አመልክቺ።