ያላለቀ ሹራብ ለሰው ይታያል?

እትዬን ጠይቁ፦ የሹራብና የስፌት ዓምድ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ልጅ በተኛበት ሰዓት እንደተጻፉ ከመልካቸው ያስታውቃሉ። አንደኛው ዐረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ተቋርጦ፣ ሁለት መስመር ዘልሎ፣ በሌላ ቀለም ይቀጥላል። ስለዚህ መግቢያ አላበዛም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የአራት ዓመት ሴት ልጅና የዘጠኝ ወር ወንድ ልጅ አሉኝ። ትንሹን ከመውለዴ በፊት ለልጄ የጀመርኩላት የሱፍ ሹራብ ከወገብ ተነሥቶ እስከ ብብት ደርሶ ቆሟል። አምስት ጓደኛሞች በየወሩ እየተገናኘን የሠራነውን እንተያያለን። እነሱ ሁልጊዜ ያለቀ ነገር ይዘው ይመጣሉ። እኔ ባዶ እጄን መሄድ ስላሳፈረኝ መቅረት ጀምሬያለሁ። ልጄም አድጋለች፤ ሹራቡ ከእንግዲህ የሚሆናት አይመስለኝም። ምን ይዤ ልሂድ?
ባዶ እጇን የቀረችው እናት

መልስ፦ እትዬ ካልሽኝ እኔም አንቺ ልበልሽ። ያንኑ ግማሽ ሹራብ ይዘሽ ሂጂ፤ ከነመርፌው፣ ከነተንጠለጠለው ክሩ።

ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ያለቀ ሹራብ ያምራል እንጂ ብዙ አያወራም። የክሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል፤ ሦስት ጊዜ የተተረተረው አንገት በአራተኛው ተስተካክሎ ተቀምጧል። ያየው ሰው «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ያልፋል። መርፌ ላይ ያለ ሥራ ግን ያነጋግራል። ብብቱ ጋ ስንት ዐይን (መርፌው ላይ ያለችውን አንዲት የክር ቀለበት ዐይን እንላታለን) ልትቀንሺ አሰብሽ? ይህ ረድፍ ለምን ላላ? ይህን ክር ምን አስመረጠሽ? ደግሞ አንቺ ግማሹን ስታወጪ እነሱም ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ስንት ግማሽ ነገር እንደቀበሩ ያን ቀን ይወጣል።

እኔ ራሴ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የሁለተኛው ልጄ ሹራብ እስከ ዛሬ አለ፤ ልጁ አሁን ከእኔ ይረዝማል። የሹራቡ ግራ እጅጌ ከቀኙ በ2 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ረድፉን ብትቆጥሪው ሁለቱም 84 ነው። ቀኙን የሠራሁት ልጁ ጤነኛ ሳለ፣ መስኮት ዳር ተቀምጬ ነበር፤ ግራውን ደግሞ ትኩሳት ይዞት አልጋው አጠገብ በተቀመጥኩባቸው አራት ሌሊቶች። ክሩን ጠቋሚ ጣቴ ላይ ምን ያህል አጥብቄ እንደያዝኩት እኔ አላወቅሁም፤ ሹራቡ ግን ይዞታል። በቀኙ እጅጌ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 30 ረድፍ አለ፤ በግራው ከ32 በላይ። ለዓመታት ልጁን ሳለብሰው ሁለቱንም እጅጌ እያጠፍኩ ነበር፤ ሰው እንዳያይብኝ። አንድ ቀን አንዲት ወዳጄ የራሷን ሹራብ ይዛ መጥታ «እኩል ቆጥሬ እኩል አልወጣልኝም» ብላ ስትነጫነጭ የእኔን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም ሁለቱን እጅጌ በአንድ መርፌ ላይ ጎን ለጎን እንጀምራለን፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ ልቃቂት ይዘን አንድ ረድፍ ከዚህ፣ አንድ ረድፍ ከዚያ እንሄዳለን። ቢጠብቅም አብሮ ይጠብቃል፤ ቢላላም አብሮ ይላላል።

ስትሄጂ ከሹራቡ ጋር አንዲት ትንሽ ካርድ ያዢ። የክሩን ዓይነት፣ የመርፌውን ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዐይንና ስንት ረድፍ እንደወጣልሽ ጻፊባት። ይህ ከፎቶግራፍ ሁሉ ይበልጣል። አንቺ በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ዐይን ቢወጣልሽ፣ ለ60 ሴንቲ ሜትር ደረት 132 ዐይን ትጀምሪያለሽ። እጇ ላላ የሚል ጓደኛሽ በዚያው መርፌ 20 ዐይን ብቻ ከወጣላት፣ ያንኑ 132 ብትጀምር ደረቱ 66 ሴንቲ ሜትር ይሆንባታል። ስድስት ሴንቲ ሜትር በልጅ ልብስ ላይ ቀልድ አይደለም። «132 ጀምሪ» ብለሽ ብቻ ብትነግሪያት ኖሮ ያሳሳትሻት አንቺ ነበርሽ።

አሁን ወደ ዘጠኝ ወሩ ልጅሽ እንምጣ፤ ሥራውን ያስቆመው እሱ ስለሆነ። ዳዴ የሚል ልጅ ባለበት ቤት ሁለት ረጃጅም ቀጥ ያሉ መርፌዎች አይመከሩም። አንዱን ጎትቶ ካወጣው ሃምሳ ዐይን በአንድ ትንፋሽ ይፈታል፤ ሹሉ ጫፍ ያለው አደጋ ደግሞ ሌላ ነው። መሀሉ ገመድ የሆነውን ክብ መርፌ ተጠቀሚ። ስታቆሚ ዐይኖቹን ወደ ገመዱ አንሸራትተሽ መሀል ላይ ሰብስቢያቸው። በየ20 ረድፉም የዋስ ክር አስገቢበት። የዋስ ክር የምለው ሌላ ቀለም ያለው፣ ቀጭንና ለስላሳ የጥጥ ክር ነው፤ በስፌት መርፌ ይዘሽ መርፌው ላይ ባሉት ዐይኖች ሁሉ ውስጥ ታሳልፊውና ትተዪዋለሽ። ከዚያ በኋላ ልጅ ቢጎትተውም፣ አንቺ ብትሳሳቺም፣ የሚተረተረው እስከ ዋሱ ድረስ ብቻ ነው። እኔ ዋስ ሳላስገባ መሥራት የጀመርኩት የመጨረሻ ልጄ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው።

የሹራቡን ዕጣ በተመለከተ፣ ከመተርተርሽ በፊት ለኪው። ልጆች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁመታቸው ከደረታቸው ይልቅ በፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ ልጅሽ «አድጋለች» ስትዪ ያጠራት ርዝመቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወርዱ አሁንም የሚበቃት ከሆነ ብብቱን ከመጀመርሽ በፊት ተጨማሪ ረድፎች ሥሪና ቀጥዪ። ካልበቃት ደግሞ ለወንድሟ አስቀምጪው፤ መቆየት የማይጎዳው ሥራ ነው። ከዚህ ወዲያ ግን ለልጅ ስትሠሪ ከአንገት ጀምሮ ወደ ታች የሚወርደውን ዓይነት ምረጪ። በሚቀጥለው ዓመት ጠርዙን ፈትተሽ 5 ሴንቲ ሜትር ትጨምሪበታለሽ።

መተርተር ከመረጥሽም አታልቅሺበት። ክሩን ወንበር ጀርባ ላይ እየጠመጠምሽ አውርጂው፣ አራት ቦታ ላላ አድርገሽ እሰሪው፣ ለብ ባለ ውኃ ነክረሽ ጨምቀሽ ስቀዪው። የተጨማደደው ክር ሲደርቅ ይዘረጋል። ሳትነክሪው እንደገና ብትሠሪበት ዐይኖቹ ተንሻፈው ይወጡብሻል።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ የልጅ ልጄ ከንጹሕ ሱፍ ሁለት ወር የፈጀ ሹራብ ከነኮፍያው ሠርቼ ሰጠሁ። ኮፍያው አገጭ ሥር የሚታሰር ማሰሪያ አለው። ልጄና ባለቤቱ በሙቅ ውኃ ማሽን ውስጥ ከተቱትና ለአሻንጉሊት የሚበቃ ሆኖ ወጣ። ይቅርታ ጠይቀውኛል፤ እኔ ግን ከእንግዲህ መርፌ ላለማንሣት ተቃርቤያለሁ። የሚመለስበት መንገድ አለ?
የተቀየሙ አያት

መልስ፦ እማማ፣ አይመለስም። የሱፍ ጸጉር በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነገር አለው። ሙቀት፣ ሳሙናና መታሸት ሲገናኙ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ከተያያዙ በኋላ የሚያላቅቃቸው የለም። ለብ ባለ ውኃ ነክሮ ቀስ ብሎ መሳብ ትንሽ ያሰፋው እንደሆነ ነው እንጂ ወደነበረበት አይመልሰውም።

ቢቆጡኝም አንድ ነገር ልናገር። ጥፋቱ ከግማሽ በላይ የእርስዎ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ ያላቸው ሰዎች ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ልጁ ያስታወከበትን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስበው ማሽን ውስጥ ይከታሉ። የትኛው በእጅ እንደሚታጠብ መለየት ከእነሱ አይጠበቅም። ለእንዲህ ዓይነት ቤት የሚሰጥ ሹራብ ማሽን እንዳያኮማትረው ሆኖ ከተዘጋጀ ሱፍ ወይም ከጥጥ መሠራት አለበት። የክሩ ወረቀት ላይ ያለው የውኃ ገንዳ ምልክት ይነግርዎታል፤ ገንዳው ላይ እጅ ከተሳለበት በእጅ ብቻ ነው፣ ቁጥር ካለበት ውኃው ከዚያ ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ወረቀቱን አይጣሉት፤ ከስጦታው ጋር ያያይዙት።

የኮፍያውን ማሰሪያ ደግሞ እንኳን አኮማተረው እላለሁ። በአውሮፓ የልጆች ልብስ ደኅንነት መለኪያ መሠረት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች ከልብሱ ጋር በተሠራ ኮፍያና በአንገት ዙሪያ የሚሳብ ገመድ አይፈቀድም፤ ለብቻው ለሚደረግ ኮፍያም ሥጋቱ ያው ነው፤ ምክንያቱም አንድ ነገር ላይ ተይዞ አንገት ሊያንቅ ይችላል። ቁልፍም ከሰፉ በጥርስዎ እስኪያቅትዎ ድረስ ያጥብቁት። የሕፃን አፍ ከጥርስዎ የባሰ ነው።

የተኮማተረውን ሹራብ ግን አይጣሉት። እንዲህ የጠበቀ ሱፍ በመቀስ ሲቆረጥ አይተረተርም። ከጀርባው ሁለት ትንንሽ የእጅ ሹራብ ይወጣዋል፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ቁራጭ ገጥመው ከእጅ መግቢያው በቀር ዙሪያውን በእጅ ይስፉት። ለዚያው ልጅ ይስጡት። ወላጆቹ ሲያዩት ምን እንደሚሉ መስማት እፈልጋለሁ፤ ይጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ የሁለት ሴት ልጆች አባት ነኝ። ከሥራ በኋላ እነሱን አስተኝቼ በስፌት መኪና ልብሳቸውን መስፋት ጀምሬያለሁ። ተራ ጨርቅ ላይ ጥሩ ይሄዳል፤ የካናቴራ ጨርቅ ሲሆን ግን መኪናው እየዘለለ ይሰፋል፣ ጠርዙም እንደ ማዕበል ይሆናል። ሌላው ችግሬ ደግሞ የሰፋሁትን ቀሚስ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳሳይ «ባለቤትህ ጎበዝ ናት» ይሉኛል።
የማታ ሰፊ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መኪናዎ ደኅና ነው፤ መርፌውን ይቀይሩ። ለተራ ጨርቅ የሚሆነው መርፌ ሹል ነው፤ የካናቴራውን ክር ይወጋዋል ወይም ገፍቶት ይወርዳል፣ ዝላዩም ከዚያ ይመጣል። ጫፉ ክብ የሆነውን የሚለጠጥ ጨርቅ መርፌ ይግዙ፤ በክሮቹ መሀል ገብቶ ያልፋል። ማሸጊያው ላይ 75 ወይም 80 የሚለው ቁጥር ውፍረቱ ነው፤ 80 ማለት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ለስስ ካናቴራ 75 ይበቃዎታል። ስፌቱን ቀጥታ አያድርጉት፤ ጠባብ ዚግዛግ ላይ ያድርጉት፤ ያለበለዚያ ልጅቷ አንገቱን ስታጠልቅ ክሩ ይበጠሳል። የጠርዙ ማዕበል የመጣው ጨርቁን ከኋላ ስለሚጎትቱት ነው። እጅዎ ይምራው እንጂ አይሳበው፤ የሚስበው መኪናው ነው። ከመቁረጥዎ በፊትም ጨርቁን የልጆቹ ልብስ በሚታጠብበት መንገድ አጥበው ያድርቁት። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ከሰፉ በኋላ ከሚሰበሰብ አስቀድሞ ይሰብሰብ።

ስለ ባልደረቦችዎ፣ ቀሚሱን አገላብጠው የውስጥ ስፌቱን ያሳዩአቸው። «እዚህ ጋ ሁለት ጊዜ ፈታሁት» ይበሉ። የሰፋ ሰው ብቻ ነው የት እንደተፈታ የሚያውቀው።

አጫጭር

ጥቁር ሹራብ ፎቶግራፍ ሳነሣ ጠቅላላው አንድ ጥቁር ነገር ሆኖ ይወጣል ላሉት፦ የካሜራውን መብራት ያጥፉ። ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ያኑሩት፤ ብርሃኑ ከፊት ሳይሆን ከጎን ይምታው፣ ያኔ እያንዳንዱ ዐይን የራሱ ጥላ ይኖረዋል። አጠገቡ ማስመሪያ ያስቀምጡ። ልጁን ግን የግድ ማልበስ የለብዎትም፤ ወንበር ጀርባ ላይ የተሰቀለ ሹራብ አይቁነጠነጥም። ልጁን ማሳየት ከፈለጉና መናገር ከቻለ አስቀድመው ይጠይቁት። የእኔ ትንሿ በስድስት ዓመቷ «ሹራቡን አሳዪ፣ እኔን ተዪኝ» ብላኛለች።

የገዛሁትን የልብስ መሥሪያ ንድፍ ጓደኛዬ ቅጂ ጠየቀችኝ ላለችው፦ ቅጂ አትስጫት። ያዘጋጀው ሰው የሚኖርበት ነው። የራስሽን ማስታወሻ ግን፣ የት እንዳስረዘምሽ፣ የት እንዳጠበብሽ፣ ሳትሰስቺ ስጫት።

መሀል ላይ ክር አለቀብኝ፣ ሌላ ልቃቂት ገዝቼ ብቀጥል ቀለሙ ተለየ ላሉት፦ የክሩ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የተነከረበት ዙር ቁጥር አለ፤ የሁለቱ ልቃቂት ዙር አልገጠመም ማለት ነው። አሁን ከአሮጌው ሁለት ረድፍ፣ ከአዲሱ ሁለት ረድፍ እያደረጉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሂዱ፤ ድንበሩ ይጠፋል። አሮጌው ጭራሽ ካለቀ ደግሞ ከላይ ትንሽ ተርትረው ያግኙት።