ሳይክል ልግዛ ወይስ ሰልፉን ልቻለው?

ትምህርት ሲከፈት ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ዘንድሮ አብዛኞቹ ስለ መንገድ ናቸው። አራቱን ይዤ መጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ቦሌ ነው፤ የምማረው 6 ኪሎ። ሁለት ታክሲ እይዛለሁ። ሳይክል ብገዛ ያዋጣኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ የቤት ሥራ ልስጥህ። ለአንድ ሳምንት ከቤትህ በር እስከ ክፍልህ በር የፈጀብህን ደቂቃ ጻፍ። የተቀመጥክበትን ብቻ አይደለም። ሰልፉንም፣ ከተራ አስከባሪው ጋር የተጨቃጨቅክበትንም፣ ታፔላው አራት ኪሎ እያለ ረዳቱ ካዛንቺስ ላይ «መጨረሻ ነው» ብሎ ያወረደህንም ቁጠር። ታክሲ ፈጣን የሚመስለን ይኼን ስለማንቆጥር ነው።

ከዚያ ዳገቱ አለልህ። ቦሌ አየር ማረፊያ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ነው። 6 ኪሎ ከዚያም ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እስከ መስቀል አደባባይ ብዙ አትቸገርም። ጉዱ የሚመጣው በሒልተን በኩል፣ የቤተ መንግሥቱን አጥር ይዘህ ወደ አራት ኪሎ ስትወጣ ነው። እኔ እዚያ ወርጄ እየገፋሁ ሳለ ጥላ የያዙ አንድ አዛውንት በእግራቸው ቀደሙኝ። «አይዞህ ልጄ» ብለው አለፉ!

ስለዚህ ማርሽ የሌለው ሳይክል እንዳትገዛ። ትርፍ ቲሸርትም ቦርሳህ ውስጥ አይጥፋ። ከአራት ኪሎ ቦሌ ባለው መስመር የኮሪደር ልማቱ የሳይክል መንገድ አውጥቶለታል፤ ግን እግረኛውም ስለሚሄድበት ደወል ያስፈልግሃል። ስትመለስ ደግሞ ቁልቁለት ነው፤ ፍሬንህ ደህና ይሁን እንጂ ፔዳሉን ብዙም አትነካውም። እኔ ብሆን ፈተና ባለበትና ሰማዩ በጠቆረበት ቀን ታክሲ እይዛለሁ፣ በቀረው ቀን ሳይክል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነው የምማረው። በየቀኑ ለባጃጅ መክፈል ሰለቸኝ። ያገለገለ ሳይክል ስገዛ ምን ልይ?

መልስ፦ አንቺማ ምን ጠየቅሽኝ! ከተማው ሜዳ፣ ሳይክል የለመደ ሕዝብ። ግዢ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፀሐዩ ይከብድሻል፤ በጊዜ ውጪ።

ስትገዢ ሳይክሉን ገልብጠሽ ጎማውን አሽከርክሪው። ቸርኬው እየተወዛወዘ ፍሬኑን የሚነካ ከሆነ ዋጋ አስቀንሺ። አዲስ ቀለም የተቀባውን ደግሞ ተጠራጠሪ። የእኔ የመጀመሪያዋ ሳይክል ቀይ ቀለሟ ማርኮኝ የገዛኋት ናት። በሦስተኛው ሳምንት ከመቀመጫው ሥር ለሁለት ተከፈለች። ለካ ቀለሙ ብየዳ ነው የደበቀው። ብረቱ በተጋጠመበት ሁሉ ጥፍርሽን አስኪጂበት፤ እብጠት ካገኘሽ ተይው። ዋጋው ከገበያው በጣም ከወረደ ደግሞ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ሻጩ መታወቂያውን አሳይቶ በወረቀት ካልተዋዋለሽ ጥለሽው ሂጂ።

ጥያቄ፦ ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። «ሳይክል ግዢልኝ» ብላ አስጨነቀችኝ። ሴት ልጅ በሳይክል ስትሄድ ሰው ምን ይላል? መኪናውንም እፈራለሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ የሰዉን ወሬ ይተዉት፤ ሲለምድ ዝም ይላል። መኪናውን ግን መፍራትዎ ልክ ነው።

አንድ ነገር ያስተምሯት። ሚኒባስ ጠርዝ ይዞ ሲቆም በሩ የሚከፈተው በቀኝ ነው፤ ሳይክል የሚነዳውም በዚያው በቀኝ ጠርዝ። ተሳፋሪው ግራ ቀኝ ሳያይ ዘሎ ይወርዳል። ስለዚህ በቆመ ሚኒባስና በእግረኛ መንገዱ መሀል ሾልካ አትለፍ፤ ቆማ ትጠብቅ። ሄልሜትና የኋላ መብራት ሳይገዙላት ሳይክሉን እንዳይገዙ። ከዚያ አንድ እሑድ በጠዋት፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ እስከ ትምህርት ቤቷ ትንዳና ይዩት። ቀለበት መንገድ ማቋረጥ ካለባት ግን እኔም እምቢ እላለሁ። አውቶቡስ ትያዝ።

ጥያቄ፦ ከአያት ልደታ በየቀኑ። ሳይክል፣ ታክሲ ወይስ ባቡር?

መልስ፦ ባቡር። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው መስመር ልደታን ስለሚነካ መቀያየር የለብህም። ጠዋት ይጨናነቃል፤ ቦርሳህን ወደ ፊት አዙረህ እቀፈው፣ ስልክህን ከኋላ ኪስህ አውጣ። መቀመጫ እንዳትጠይቀኝ እንጂ፤ መነሻው ጣቢያ ላይ እየተሳፈርክ ካጣህ ያረፈድከው አንተ ነህ።