ለዲቪው ወንድሜ፦ 62 ክሬዲት ይዤ ገብቼ 31 ቀረልኝ

«በዲቪ ቨርጂኒያ ከመጣሁ 8 ወሬ ነው። ኪቦርድ እጫወታለሁ። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሬ ሚዩዚክ ቢዝነስ ልማር አስቤያለሁ። ያዋጣል? ቤተሰብ ነርሲንግ ግባ እያለኝ ነው» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን የድሮ ፎቶ ያየሁ መሰለኝ። እኔም ዲቪ፣ እኔም ኪቦርድ፣ እኔም ቨርጂኒያ። እናቴም ነርሲንግ። ከጥያቄህ ስር «ተወው፣ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አውጣ» ብለው የመለሱልህን እለፋቸውና ይህቺን አንብብ።

1. ዲግሪው በየትኛው ቤት እንደሚሰጥ አጣራ። ስሙ ሁሉም ጋ ሚዩዚክ ቢዝነስ ወይም ሚዩዚክ ኢንዱስትሪ ነው። ግን አንዱ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ስር ያደርገዋል፣ ሌላው በቢዝነስ ወይም በሚዲያ ኮሌጁ። ናሽቪል ያለው ቤልሞንት እና እዚያው ቴነሲ ያለው ሚድል ቴነሲ ስቴት ለዚህ ትምህርት ኦዲሽን (የመጫወት ፈተና) አይጠይቁህም። ቦስተን ያለው የሙዚቃ ኮሌጅ በርክሊ ግቢ ልግባ ካልክ ደግሞ ቢዝነሱን ለመማርም ቢሆን መሣሪያህን ይዘህ ትፈተናለህ። ሁለቱም ጥሩ ነው። ችግሩ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ መግባት ነው።

እኔ «ቢዝነስ» የሚለውን ቃል አይቼ ሒሳብና ውል ብቻ መስሎኝ አመለከትኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። የኦዲሽን ቀን ምረጪ የሚል ኢሜይል ሲመጣ ነው የነቃሁት። ሁለት የክላሲክ ሥራ፣ ስኬል፣ ከዚያ አይተሽው የማታውቂውን ኖታ እዚያው እያነበብሽ መጫወት። አንተም እንደኔ በጆሮህ ነው የምትጫወተው ብዬ እገምታለሁ። በሠርግ አራቱንም ቅኝት ዓይኔን ጨፍኜ እጫወት የነበርኩት እኔ፣ ፈታኙ ወረቀቱን ፊቴ ሲያስቀምጥልኝ እጄ ቀዘቀዘ። በትዝታ ማይነር አንድ ሁለት ደቂቃ ተጫወትኩላቸው። ወደዱት፣ አልዋሽም። «ኖታው የት አለ?» አሉኝ። ኖታ የለውም። ተቀበሉኝ፣ ግን የሙዚቃ ቲዎሪ መግቢያ ፈተናውን ስለወደቅኩ አንድ ሴሚስተር መሠረታዊ ኮርስ ውሰጂ አሉኝ። ያ ኮርስ ለዲግሪው አይቆጠርም። ገንዘቡ ግን ይቆጠራል።

2. ክሬዲት። እዚህ ጋ ቀስ ብለህ አንብብ፣ እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነውና።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተማርኩ። ሌሊት 10 ሰዓት ሪገን ኤርፖርት ቡና እየሸጥኩ፣ ከሰዓት ክፍል። 62 ክሬዲት ሰበሰብኩ። ዩኒቨርሲቲው ለጎብኚዎች በሩን በከፈተበት ቀን ሄጄ ክሬዲት ዝውውር ክፍል ያለውን ሰውዬ ጠየቅኩት። «አይዞሽ፣ አሶሺየትሽን (የሁለት ዓመቱን ዲግሪ) ከጨረስሽ ሁሉም ይገባልሻል» አለኝ። እጁን ጨብጬ ወጣሁ። መቀበያ ደብዳቤው ሲመጣም «62 ክሬዲት ተቀብለናል» ይላል። እናቴ ዶሮ ሠራች። ጎረቤት ተጠራ።

ነሐሴ ላይ ዲግሪ ኦዲት የሚባለውን ገጽ ከፈትኩ። ለዲግሪዬ የተቆጠረው 31። ሌላው 31 «ኤሌክቲቭ» (በምርጫ የሚወሰድ ኮርስ) በሚል ተቀምጧል። ተቀብለውታል፣ አልዋሹም። ግን የትም አይገባም፤ ዲግሪው የሚፈልገው ኤሌክቲቭ ሁለት ኮርስ ብቻ ነው። ስልክ ብደውል የሚመልስ የለም። በአካል ሄድኩ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሜ ጠበቅኩ። መስታወቱ ጀርባ ያለችው ሴትዮ ስሜን ሦስት ጊዜ አበላሽታ ጠራች፣ ከስክሪኗ ቀና ሳትል ሰማችኝ።

«ማን ነው ሁሉም ይገባል ያለሽ?»
«እዚህ የሚሠራ ሰውዬ።»
«ኢሜይል አለሽ?»
«በቃል ነው የነገረኝ።»
«እንግዲያው ማንም አልነገረሽም። ቀጣይ!»

ይህቺ ቃል እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ያናደደኝ ደግሞ ልክ መሆኗ ነው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፣ የፓርኪንግ ቅጣትም ተጨመረልኝ።

ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት ለዩኒቨርሲቲው ጻፍላቸው። «ስንት ክሬዲት ትቀበላላችሁ» ብለህ አትጠይቅ። «ከእነዚህ ኮርሶች የትኛው የትኛውን የዲግሪ መስፈርት ይተካልኛል» በል፤ እያንዳንዱን በኮድ ዘርዝር። መልሱ በኢሜይል ይምጣ። በስልክ ከነገሩህም «ዛሬ እንዲህ ብላችሁኛል፣ ትክክል ነው?» ብለህ መልሰህ ጻፍ።

ሌላም አለ። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከሆነ ቲዎሪ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እንደ ሰንሰለት ነው። አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን አትወስድም፣ በየሴሚስተሩ አንድ ብቻ። 100 ክሬዲት ይዘህ ብትገባም አራት ሴሚስተር ትቀመጣለህ። እኔ በመሠረታዊው ጀምሬ አምስት ሆነብኝ። ካልተቆጠረው ክሬዲት ጋር ተደምሮ ሁለት ዓመት ያልኩት ሦስት ዓመት ተኩል ሆነ።

3. ፔል ግራንት። የማይመለስ የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ነው። ግሪን ካርድ ስላለህ፣ ገቢህ ዝቅተኛ ከሆነ ፋፍሳ የሚባለውን ማመልከቻ ሞልተህ ታገኛለህ፣ ይሄን ታውቀዋለህ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ገደብ እንዳለው ነው፤ በዕድሜ ልክህ 12 ሙሉ ሴሚስተር ብቻ። እኔ አራቱን ኮሌጅ ጨረስኩ፣ ሰባቱን ዩኒቨርሲቲ። የቀረኝ አንድ ነበር! ያ ኤሌክቲቭ የተባለው 31 ክሬዲት ሁለት ሴሚስተር ፔል በልቶብኛል። ደግሞ 8 ወር ካልክ ዝቅ ያለውን የስቴቱን ነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ቨርጂኒያ 12 ወር መሙላት አለብህ፣ የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ ናቸው። ቸኩለህ ከስቴቱ ውጭ የመጣ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ አትክፈል።

4. ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) የግድ ነው ይሉሃል። እኔ የኮንሰርት አዘጋጅ ቢሮ ሠራሁ፣ ያለ ደመወዝ። ለክሬዲቱ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲው የከፈልኩት እኔ ነኝ። በነፃ ለመሥራት ከፍሎ የሚገባ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔን እይ። ከተቻለ የሚከፍል ፈልግ።

አሁን «ያዋጣል?» ላልከው። የጨረስኩት ታኅሣሥ 2019 በፈረንጅ ነው። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ፣ መድረክ ሁሉ ተዘጋ። እናቴ ምን እንዳለች አልነግርህም። ለስድስት ወር ያህል ኤርፖርት ተመለስኩ። ኤርፖርቱም ባዶ ነበር። ከዚያ አንድ ትንሽ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት የሮያልቲ (ለዘፈን ባለመብቶች የሚከፈል ገንዘብ) ክፍል ውስጥ ገባሁ፣ ዛሬም እዚያው ነኝ። ነርስ የሆነችው አብሮ አደጌ በደመወዝ ከኔ በብዙ ትበልጣለች። ይሄን ደብቄ ልሸውድህ አልፈልግም።

ግን የተማርኩት ነገር እኛ ሰፈር የሚያውቀው ጠፍቷል። አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። ግጥምና ዜማው አንድ፣ ስቱዲዮ የተቀዳው ማስተር ሌላ። አሜሪካ ውስጥ ድርሰቱ ለሕዝብ ሲቀርብ የሚከፈለውን ገንዘብ እነ አስካፕና ቢኤምአይ የሚባሉ ድርጅቶች ይሰበስባሉ፣ ከስትሪሚንግ የሚመጣውን የድርሰቱን ሜካኒካል (የማባዛት) ድርሻ ደግሞ ከ2021 በፈረንጅ ጀምሮ ኤምኤልሲ የሚባለው። ማስተሩ በኢንተርኔት ሬዲዮና በሳተላይት ሬዲዮ ሲጫወት ሰብሳቢው ሳውንድኤክስቼንጅ የሚባል ድርጅት ነው፤ 50 በመቶ ለባለማስተሩ፣ 45 ለዋናው ዘፋኝ፣ 5 ለአጃቢዎች። የኛ ሰው ካሴት ዘመን ላይ ለሙዚቃ ቤት አንዴ ሸጦ ስለለመደ በየቦታው መመዝገብ የሚባል ነገር አያውቅም። አቀናባሪው ደግሞ ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ድርሻ ይኑረው አይኑረው በወረቀት የጻፈ የለም። በአገራችንም የቅጂ መብት ሕጉ ካለ ቆይቷል፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ872/2007 ተሻሽሏል።

አንድ ሜሪላንድ የሚኖር ዘፋኝ ነበር፣ ሠርጋችሁ ላይ ዘፍኖ ይሆናል። ሳውንድኤክስቼንጅ አስመዘገብኩት። የሱ የተቀመጠ ገንዘብ ነበር፣ 1,140 ዶላር። ሲመጣለት ደውሎ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ስካም እንዳይሆን» አለኝ። ሁለት ቀን አልነካውም። ከዚያ ሦስት ጓደኞቹን ይዞ መጣ፣ እነሱንም አስመዝግቢልኝ ብሎ። ያን ቀን እናቴ ከኩሽና ሆና ትሰማ ነበር። ምንም አላለችም፣ ግን ቡና አፍልታ አቀረበችላቸው። እናቴን ብታውቃት ይሄ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ይገባህ ነበር።

ቤተሰብ ሲጨቀጭቅህ ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና ሊማር ነበር፣ በኋላ በርክሊ ገባ በላቸው። እኔ ብያቸው ነበር። «እሱ ሙላቱ ነው፣ አንቺ ማን ነሽ?» ነው የተባልኩት። ላንተ ይሠራ ይሆናል።

ዛሬ ዕድሉ እንደገና ቢሰጠኝ ቢዝነስ ኮሌጁ ስር ያለውን እመርጥ ነበር። ኪቦርዱን ሠርግ ላይ እጫወታለሁ፣ ለሱ ዲግሪ አያስፈልገኝም። አካውንቲንግህ ደግሞ ሥራ ሲጠፋ ሌላ ቦታ ያስቀጥርሃል።

የምታመለክትበትን ትምህርት ቤት የኮርስ ዝርዝር ፎቶ አንስተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አየዋለሁ። ኢሜይሉን ለመጻፍ እንግሊዝኛው ካስቸገረህ እኔ ዘግይቼ የጻፍኩት አለ። ስሙን ቀይረህ ላከው።