አዲስ የኤችዲአር ስም ቴሌቪዥን ያስቀይራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ባለ 55 ኢንች ፎርኬ ቴሌቪዥን ገዝተን ሳሎን ውስጥ ሰቅለናል። ካርቶኑ ላይ «ኤችዲአር10» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን በዲሽ፣ ፊልም ደግሞ በኔትፍሊክስ እናያለን። ያልገባን ነገር ቢኖር ኤችዲአር ናቸው የሚባሉት ፊልሞች ከሌሎቹ ይልቅ ጨለም ብለው መታየታቸው ነው፤ በተለይ ቀን ላይ የሰው ፊት እንኳ በደንብ አይለይም። አሁን ደግሞ ባለቤቴ «ዶልቢ ቪዥን 2» የሚባል አዲስ ነገር መምጣቱን ስለሰማ፣ ያለንን ሸጠን ትንሽ ጨምረን እንቀይር ይላል። እኔ ግን እንቆይ ባይ ነኝ። ምን ይመክሩናል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለአዲሱ ስም ብላችሁ ቴሌቪዥናችሁን እንድትሸጡ አልመክርም። ባለቤትዎ የሰሙት ነገር ግን መሠረት የሌለው አይደለም፤ እንዲያውም እርስዎን ያስቸገረዎትን ጨለማ በቀጥታ የሚመለከት ነውና ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

ኤችዲአር በአንድ ምስል ውስጥ በጣም ጨለማ ከሆነው ነጥብ አንሥቶ በጣም ብሩህ እስከሆነው ድረስ ያለውን ክልል የሚያሰፋ አሠራር ነው። መደበኛው የቴሌቪዥን ምስል የሚዘጋጀው 100 ኒት ገደማ ለሚያበራ ስክሪን ታስቦ ነው፤ ኒት የስክሪን ብርሃን የሚለካበት አሐድ ነው። የኤችዲአር ፊልሞች ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1,000፣ አንዳንዶቹም እስከ 4,000 ኒት በሚያበሩ የስቱዲዮ ማሳያዎች ላይ ይስተካከላሉ። የቀለሙም እርከን ይጨምራል፤ በመደበኛው ምስል እያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ሲኖረው በኤችዲአር ቢያንስ 1,024 ይኖረዋል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው በትንንሽ ብሩህ ነገሮች ላይ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ አንዲት እናት ጧፍ ይዘው በሚታዩበት ትዕይንት ላይ፣ በመደበኛው ምስል ነበልባሉ አንድ ወጥ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፤ የነጠላቸው ጥለትም በጥላው ይዋጣል። በጥሩ የኤችዲአር ስክሪን ላይ ግን የነበልባሉ ቢጫና ብርቱካናማ ለየብቻ ይታያል፣ በዚያው ቅጽበት የጥለቱ መስመር ከጨለማው ውስጥ ይወጣል። እንደ እኔ እምነት ከፎርኬ ይልቅ ዓይን ላይ ለውጥ ያመጣው ይኸው ነው። በተለመደው የሳሎን ርቀት ላይ ተቀምጦ የፎርኬን ተጨማሪ ነጥቦች መለየት አስቸጋሪ ሲሆን የብርሃኑን ልዩነት ግን ማንም ሰው ያያል።

የኤችዲአር ዓይነቶች የሚለያዩት በዋናነት ከምስሉ ጋር በሚላከው፣ ቴሌቪዥኑ ብርሃኑን እንዴት እንደሚያስተካክል በሚነግረው መመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነውና የሁሉም መነሻ የሆነው ኤችዲአር10 ለመላው ፊልም አንድ መመሪያ ብቻ ይልካል። በ2014 ዶልቢ የተባለው ኩባንያ ያስተዋወቀው ዶልቢ ቪዥን እንዲሁም በ2017 ሳምሰንግና አማዞን ያስተዋወቁት ኤችዲአር10 ፕላስ ግን በየትዕይንቱ የሚለዋወጥ መመሪያ ይልካሉ። ቢቢሲና የጃፓኑ ኤንኤችኬ ለቀጥታ ስርጭት ያዘጋጁት ኤችኤልጂም አለ፤ ለእርስዎ ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም።

መመሪያው የሚያስፈልገው ስክሪኑ ፊልሙ የሚጠይቀውን ብርሃን ማውጣት ሲያቅተው ነው። ለ1,000 ኒት የተስተካከለ ፊልም 300 ኒት ብቻ በሚያወጣ ስክሪን ላይ ሲታይ ቴሌቪዥኑ ብርሃኑን ማመቅ ግድ ይሆንበታል። የደመናውን ዝርዝር ለማዳን ሲል የሰዉን ፊት ያጨልማል፣ አለዚያም ፊቱን አፍክቶ ደመናውን ነጭ ያደርገዋል። በየትዕይንቱ የሚለዋወጥ መመሪያ ካለ ይህን ምርጫ በተሻለ ብልሃት ይመርጣል፤ ስለዚህ በመርሕ ደረጃ ከደማቁ ቴሌቪዥን ይልቅ ደካማው የበለጠ ይጠቀምበታል። ይሁን እንጂ መመሪያ ብርሃን አይፈጥርም። ብርሃኑ የሚመጣው ከስክሪኑ ነው፤ ካርቶን ላይ የሚለጠፈው የኤችዲአር ምልክት ደግሞ ቴሌቪዥኑ የኤችዲአር ምስል ተቀብሎ ማንበብ እንደሚችል እንጂ በሚገባው ድምቀት ማሳየት እንደሚችል አይናገርም። ገዢዎች በብዛት የሚታለሉት እዚህ ላይ ስለሆነ ደግሜ መናገር እፈልጋለሁ፦ ገንዘብዎን የሚከፍሉት ለስክሪኑ እንጂ ለስሙ አይሁን።

ወደ ጨለማው ጉዳይ እንመለስ። በኤችዲአር10ም ሆነ በዶልቢ ቪዥን እያንዳንዱ የምስል ነጥብ «ይህን ያህል ኒት አብራ» የሚል ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ይዞ ይመጣል። መጠኑ የተወሰነው ፊልሙን ያስተካከለው ባለሙያ መብራቱ ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነው። መደበኛው ምስል ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ ስለሌለው ቴሌቪዥኑ ከ100 ኒት በላይ አድርጎ እንደ ልብ ያደምቀዋል። የረፋድ ፀሐይ በመጋረጃው አልፎ በሚገባበት ሳሎን ውስጥ መደበኛው ምስል ደምቆ፣ ኤችዲአሩ ግን ጨልሞ የሚታይዎት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ባለው ቴሌቪዥን ላይ ግን ብዙ ማስተካከል ይቻላል። መጀመሪያ የኤችዲአር ፊልሙን ይክፈቱና ፊልሙ እየሄደ ሳለ ወደ ሴቲንግ ይግቡ፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች የኤችዲአርን ማስተካከያ ለብቻው ስለሚያስቀምጡ ዜና እያዩ የቀየሩት ነገር ፊልሙን አይነካውም። ኃይል ቆጣቢ የሚለውን አማራጭና የክፍሉን ብርሃን እየለካ ስክሪኑን የሚያደበዝዘውን ያጥፉ። ከዚያ የጀርባ መብራቱ እስከ መጨረሻው መከፈቱን ይመልከቱ። «ፒክቸር ሞድ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ለሌሊት ሲኒማ ወይም ፊልም ሰሪ የሚለውን፣ ለቀን ደግሞ ደመቅ የሚለውን ይምረጡ። ዳይናሚክ ቶን ማፒንግ የሚል አማራጭ ካለ ያብሩት፤ ቴሌቪዥኑ ራሱ ትዕይንቱን እያየ እንዲያስተካክል ስለሚያደርግ ኤችዲአር10 የጎደለውን በከፊል ይሞላል። መጋረጃ መዝጋቱም ከማናቸውም የሶፍትዌር ብልሃት የማይተናነስ ጥቅም አለው።

የሚያዩት ነገር በእርግጥ ኤችዲአር መሆኑንም ያረጋግጡ። ኔትፍሊክስ ፎርኬና ኤችዲአርን የሚሰጠው በከፍተኛው የክፍያ ደረጃ ብቻ ሲሆን ለፎርኬ በሰከንድ 15 ሜጋቢት ወይም ከዚያ በላይ የኢንተርኔት ፍጥነት ይመክራል፤ መስመሩ ሲደክም የምስሉ ጥራት ይወርዳል። በዲሽ የሚያዩዋቸው የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ደግሞ የሚያስተላልፉት በመደበኛው የብርሃን ክልል ነው፤ ስለዚህ ለዜናው፣ ለድራማውና ለበዓል ዝግጅቱ የትኛውም አዲስ የኤችዲአር ስም አንዳች ነገር አይጨምርልዎትም። የቤቱ ሰው አብዛኛውን ሰዓት የሚያየው ዲሽ ከሆነ ይህ ብቻውን ክርክራችሁን ሊቋጨው ይችላል።

ዶልቢ ቪዥን 2ን ዶልቢ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ሲሆን ለመጠቀም መጀመሪያ የተስማማው የቴሌቪዥን አምራች ሃይሴንስ ነው። መደበኛና ማክስ የተባሉ ሁለት ደረጃዎች አሉት። ጨለማ ትዕይንቶችን አጥርቶ ለማሳየትና ምስሉን ከክፍሉ ብርሃን ጋር ለማጣጣም የታሰቡ ዘዴዎችንም ይዟል፤ ባለቤትዎን የሳባቸውም ይህ ይመስለኛል። ሐሳቡ ተገቢ ነው። ሆኖም ለእርሱ ተብሎ የተዘጋጀ ፊልም ገና ጥቂት ነው፤ አንድ ሥራ በአዲሱ ዓይነት ሳይዘጋጅ ሲቀር ደግሞ የከፈሉበት ነገር በከፊል ሥራ ይፈታል። መቆየቱ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ማታ ማታ መብራት አጥፍቶ ፊልም ማየት የሚወድ፣ ገንዘቡም ያለው ቤተሰብ ከሆናችሁ ግን መቀየሩ ትርጉም የሚኖረው ስክሪኑ ራሱ ሲለወጥ ነው፦ ወይ እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው የሚበራና የሚጠፋበት ኦሌድ፣ ወይም የጀርባ መብራቱ በብዙ ክፍል ተከፋፍሎ የሚደበዝዝ፣ እስከ 1,000 ኒት አካባቢ የሚያወጣ ሚኒ ኤልኢዲ። ሱቅ ውስጥ የሚከፈትልዎትን ያሸበረቀ የማስታወቂያ ቪዲዮ አይመኑ። ሻጩ ቴሌቪዥኑን ከሱቅ ሁነታ ወደ ቤት ሁነታ እንዲመልሰውና የሌሊት ትዕይንት ያለበት፣ ከሥሩ ነጭ የትርጉም ጽሑፍ የሚወጣበት ፊልም እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ጽሑፉ ብቅ ሲል ዙሪያው ያለው ጥቁር ግራጫ ጭጋግ ከለበሰ፣ ወይም መላው ስክሪን አብሮ ከፈካ፣ በካርቶኑ ላይ የተደረደሩት ምልክቶች ምንም ያህል ቢበዙ ያንን ቴሌቪዥን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ከአራት ዓመት በፊት የገዛሁት ሳምሰንግ ቴሌቪዥን ኤችዲአር10 ፕላስ እንጂ ዶልቢ ቪዥን የለውም። ጓደኞቼ «የፊልሙን ግማሽ አታየውም» ይሉኛል። ዶልቢ ቪዥን ያለው ልግዛና ይህን አዲስ አበባ ላሉት እናቴ ልላክላቸው? (አንባቢ፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ጓደኞችዎ አጋንነውታል። ሳምሰንግ በቴሌቪዥኖቹ ላይ ዶልቢ ቪዥንን ሳይጠቀም መቆየቱ እውነት ነው። ነገር ግን በዶልቢ ቪዥን የተዘጋጀ ፊልም በእርስዎ ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ በኤችዲአር10 ይቀርባል፤ በፎርኬ ብሉ ሬይ ዲስክ ላይ እንዲያውም የኤችዲአር ፊልም ሁሉ ኤችዲአር10ን መያዝ ግዴታው ነው። ከዚህም በላይ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በኤችዲአር10 ፕላስ ማቅረብ ጀምሯል፤ አማዞን ፕራይም ቪዲዮ ደግሞ ከመነሻው አብሮ ነበር። ስክሪንዎ ደማቅ ከሆነ በሁለቱ ተለዋዋጭ መመሪያዎች መካከል ያለውን ልዩነት ጎን ለጎን ካላስቀመጧቸው በቀር መለየት ይከብዳል። ለዚህ ብቻ አዲስ መግዛት አያስፈልግም።

መላኩን ከወሰኑ ግን በመጀመሪያ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ይሠራል፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ አቅሙ የሚመጥን ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቴሌቪዥን የአንቴና መቀበያው ከኢትዮጵያው የተለየ ነው፤ ይሁን እንጂ እናትዎ ጣቢያዎቹን በዲሽና በሪሲቨር ስለሚያዩ በኤችዲኤምአይ ገመድ ማገናኘቱ ይበቃቸዋል። የመብራቱ መዋዠቅ ስለሚያሰጋ ከኤችዲአሩ ይልቅ አብሮት የሚላክ ጥሩ ስታቢላይዘር ይጠቅማቸዋል።