መጀመሪያ ግራ እግርሽ ይልመድ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው አዳማ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚያ ወዲህ ግን የነዳሁት የእህቴን ቪትዝ ብቻ ነው፣ እሷም አውቶማቲክ ናት። አሁን በግብርና ሙያዬ አንድ ፕሮጀክት ላይ ተቀጥሬያለሁ። ሥራው አርሲ ገጠር ድረስ ያስወጣል፣ የተመደበልን መኪና ደግሞ ማንዋል ፒክአፕ ነው፣ በናፍጣ የሚሠራ። ስሠለጥን ማንዋል ነድቼ ነበር፤ አሁን ሁሉም ጠፍቶብኛል። ወንድሜ ላስተምርሽ ብሎ ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ስለሚጮህብኝ ሁለቴ አልቅሼ ከመኪናው ወርጃለሁ። አንድ ማሠልጠኛ ብጠይቅ “ከፈለግሽ እንደ አዲስ ተመዝገቢ” አሉኝ። ሥራ ልጀምር የቀረኝ አንድ ወር ነው። ከየት ልጀምር?
ለማጇ ነኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ጥሩ ሥራ ነው ያገኘሽው።

ወንድምሽን አመስግኚና ትምህርቱን አቁሙት። ክፉ ሆኖ አይደለም። የቤተሰብ አስተማሪ ለአንቺም ለመኪናውም ስለሚሳሳ ይጮኻል፤ ሲጮህ አንቺ ትደነግጫለሽ፣ ስትደነግጪ ግራ እግርሽ ፍሪሲዮኑን፣ ማለትም የግራውን ፔዳል፣ በአንዴ ይለቀዋል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ እሱም መልሶ ይጮኻል። እኔንም ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነበር። እጄ መሪው ላይ፣ ጆሮዬ ግን እሱ ጋ ነበር። መኪናው በእጄ የገባው እሱ አጠገቤ ባልነበረበት ቀን ነው።

አንድ ማሠልጠኛ እምቢ ስላለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ሌሎቹን ዙሪያቸው። መንጃ ፈቃድ እንዳለሽ፣ የምትፈልጊውም በሰዓት የሚከፈል የማንዋል ልምምድ ብቻ እንደሆነ መጀመሪያውኑ ንገሪያቸው። በአስተማሪው በኩል ተጨማሪ ፍሬን ያለው መኪና ካገኘሽ እሱን ምረጪ፣ ያ ብቻ ፍርሃትሽን ግማሽ ያደርገዋል። አስተማሪሽም በየቀኑ አይቀያየር።

ካልተገኘ ደግሞ መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ያሉትን ሹፌር ጠይቂያቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ከማሠልጠኛውም ይልቅ ይሄኛውን እመርጥልሻለሁ። ዕድሜያቸውን በገጠር መንገድ ያሳለፉ፣ ነገር የማያጣድፉ ሰዎች ናቸው፤ ያንኑ የምትነጂውን መኪና ጠባዩን ያውቁታል። ግን በድብቅ አይሁን። ለአለቃሽ ፊት ለፊት ተናገሪ፣ መኪናው ለልምምድ እንዲወጣ ፈቃድ ጠይቂ፣ የኢንሹራንሱንም ነገር አረጋግጪ። አውቶማቲክ ስነዳ ቆይቻለሁ ማለት ምንም አያሳፍርም። ሰውየው እሑዳቸውን ከሰጡሽም የድካማቸውን ክፈዪ።

አሁን ወደ እግርሽ። ሞተሩ ሁልጊዜ ይዞራል፣ ጎማው ግን መቆም የሚኖርበት ጊዜ አለ። ሁለቱን የሚያገናኘውና የሚለያየው የፍሪሲዮን ሸራ ነው። ፔዳሉን ስትረግጪ ሸራው ይላቀቃል፤ ቀስ ብለሽ ስትለቂ ደግሞ መሀል ላይ አንድ ቦታ አለ፣ እዚያ ሲደርስ ሸራው መያዝ ይጀምራል። የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ይወርዳል፣ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል። የማንዋል ትምህርት ዋናው ይህቺን ቦታ በእግር ማወቅ ነው። ማርሽ መቀየሩን በሁለት ቀን ትለምጂዋለሽ።

የናፍጣ ሞተር እዚህ ላይ ያግዝሻል፤ ሜዳ ላይ ነዳጅ ሳትሰጪው ፍሪሲዮኑን በቀስታ ብቻ ብትለቂለት መኪናው በራሱ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ባጃጁ ሳይበዛ ሜዳ የሆነ ሰፊ ቦታ ሂዱ፣ አዳማ ደግሞ ሜዳ አላሳጣችሁም። አንደኛ ማርሽ አስገቢ። ቀኝ እግርሽ ነዳጁን ጨርሶ አይንካ፣ ፍሬኑ አጠገብ ይጠብቅ። ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልሽ ልቀቂ፤ መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር እዚያው ያዢው፣ ጥቂት ሂጂ፣ መልሰሽ ረግጠሽ ቁሚ። ይህንኑ ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን አንድ ጠዋት ሙሉ ይህን ብቻ ብትሠሪ በማግስቱ እግርሽ ሳትነግሪው ቦታውን ያገኘዋል። ጫማሽ ሶሉ ስስና ጠፍጣፋ ይሁን።

ሞተሩ ይጠፋል፣ ይጥፋ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ከዚያ ቁልፍ። ከኋላሽ ያለው ጡሩምባውን ቢያንባርቅም ቅደም ተከተሉን አትቀይሪ።

ስትነጂ ግራ እግርሽን ፍሪሲዮኑ ላይ አሳርፈሽ እንዳትሄጂ። ከአውቶማቲክ የሚመጡ ብዙዎች ያደርጉታል። ሸራው ሳያስፈልግ እየተፋጨ ያልቃል፣ የሚቃጠል ነገር ከሸተተሽም እሱ ነው።

ዳገቱ የሚመጣው ወደ አሰላ ስትወጪ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አሰላ ደግሞ 2,400 አካባቢ፤ በዴራና በኢተያ በኩል ስትሄጂ ከሞላ ጎደል መውጣት ብቻ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ከፍ ባልሽ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ቱርቦ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ፣ ያለው ፒክአፕ ይሻላል፣ ቱርቦው የሚነቃው ግን ሞተሩ ትንሽ ሲፈጥን ነው፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ከቆመበት ስታስነሺው ሜዳ ላይ ከለመድሽው ትንሽ በለጥ አድርገሽ ነዳጅ ስጪው። የእጅ ፍሬኑን ያዢ፣ ነዳጅ ትንሽ ስጪ፣ ፍሪሲዮኑን እስከዚያች ቦታ ልቀቂ፣ አፍንጫው ቀና ሲል የእጅ ፍሬኑን አውርጂ። ወደ ኋላ አንድ ስንዝር አይንሸራተትም። ይህን መጀመሪያ አጭርና መኪና የማይበዛበት ዳገት ፈልገሽ ተለማመጂው።

ስለ መውረዱ አጥብቄ እለምንሻለሁ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ዜሮ አድርገው ቁልቁለት የሚለቁ ሰዎች ታያለሽ። አትከተያቸው። ማርሽ ካላስገባሽ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመው ፍሬኑ ብቻ ነው፤ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቆማል። የአሁኖቹ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነሽ እግርሽን ከነዳጁ ስታነሺ ነዳጁን ራሳቸው ስለሚያቋርጡ ቁጠባ የሚባለውም የለም። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አስገብተሽ ሞተሩ ራሱ ይያዝልሽ፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ንኪው።

ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ “በኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ማንዋል ምን ያደርግልሻል?” የሚልሽ አይጠፋም። ገጠር የሚወጣው ፒክአፕ ግን ገና ለብዙ ዓመት ማርሽ አለው፣ አንቺም ሥራሽ እዚያ ነው።

የመጀመሪያውን የአሰላ ጉዞ ሹፌሩን አጠገብሽ አስቀምጠሽ፣ በጠዋት ወጥተሽ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን አድርጊው። ስትመለሺ የትኛው ዳገት ላይ እንዳስቸገረሽ ጻፊልኝ።