የፊልተርና የአክቲቭ ሊንክ ስም አወጣጥ፦ ጥያቄና መልስ

ሬሜዲን፣ ማለትም የቢኤምሲ ኩባንያን የአገልግሎት ጥያቄ መከታተያ ሶፍትዌር፣ የምታስተዳድሩ ሁሉ ጠይቁ። ፊልተር ሰርቨሩ ላይ፣ አክቲቭ ሊንክ ደግሞ ተጠቃሚው ስክሪን ላይ በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ ነው። የምትጠቀሙበትን ሥሪት አስቀድማችሁ ንገሩኝ። ከአምራቹ ከቢኤምሲ የመጣውን ኦብጀክት (ፊልተር፣ ፎርምና የመሳሰለውን) ደግሞ በቀጥታ አትንኩ።

ከካዛንቺስ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሥሪታችን 9.1 ነው። አዲስ ፊልተር ስንሠራ ስሙ በምን ይጀምር?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልኝ። በመሥሪያ ቤታችሁ ምህጻረ ቃል ይጀምር፤ ቀጥሎ የፎርሙ ምህጻር፣ ከዚያ የሚሠራው ሥራ። አምራቹ የኢንሲደንት (የብልሽት ጥሪ) ፎርሙን «ኤችፒዲ»፣ የለውጥ አስተዳደሩን «ሲኤችጂ» ብሎ እንደሚጀምር ታውቃላችሁ። የራሳችሁን ኦብጀክት በዚያው ምህጻር ከጀመራችሁት ነገ የእናንተንና የእሱን የሚለይ ሰው አይገኝም። ስም ዴቨሎፐር ስቱዲዮ በሚባለው መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ የሚነበብ አይምሰላችሁ። ችግር ተፈጥሮ የፊልተር ሎግ (የአሠራር መዝገብ) ስትከፍቱ የምታገኙት የፊልተሩን ስምና በቅንፍ የተቀመጠ የመፈጸሚያ ተራ ቁጥሩን ነው። በዚያ ሁሉ መስመር መካከል «ቴስት 2» ምን ይነግራችኋል? «ሲዘጋ መፍትሔው ባዶ ከሆነ አግድ» የሚል ስም ግን ፊልተሩን ሳትከፍቱ ጉዳዩን ያስረዳችኋል። እናንተ ከለቀቃችሁ በኋላ ያንን ሎግ ሌሊት የሚያነብ ባልደረባ አለ፤ ለእሱ አስቡለት።

ከፒያሳ፦ ተራ ቁጥሩንስ በስሙ ውስጥ እንጻፈው?

መልስ፦ ጻፉት፤ ሁልጊዜም በ4 አሃዝ፣ 0050፣ 0500 እያላችሁ። ቁጥሩ ከ0 እስከ 1000 ስለሆነ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ሲደረደር የሥራው ፍሰት ይታያችኋል። ነገር ግን ፊልተሩን የሚያስኬደው ስሙ ላይ የጻፋችሁት ሳይሆን በንብረቱ ውስጥ ያለው ቁጥር ነው፤ አንዱን ስትቀይሩ ሌላውንም ቀይሩ። ጋይድ (የፊልተሮች ስብስብ) ውስጥ የገባ ፊልተር በጋይዱ ተራ ነው የሚሄደው። ፑሽ ፊልድስ (ወደ ፎርም ዳታ የሚጽፍ ተግባር) ያለበት ደግሞ ቁጥሩ ቢቀድምም ተግባሩ ለሁለተኛው ምዕራፍ፣ ፊልተሮቹ ካለፉ በኋላ ለሚመጣው ዙር፣ ይቆያል።

እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። የፊልተር ስም መጨረሻ ላይ «`!» ካያችሁ ጌጥ አይደለም። ሰርቨሩ ምዕራፍ ሳይጠብቅ ተግባሩን ወዲያው እንዲፈጽም የሚያዝዝ ምልክት ነው። ስም አጸዳለሁ ብሎ የሚያነሣው ሰው የሥራውን ቅደም ተከተል ያፈርሳል፤ የስህተት መልእክትም ላያይ ይችላል።

ከሜክሲኮ፦ እኛ የተሠራበትን ዓመት በስሙ መጨረሻ እናስገባለን፤ ለምሳሌ 2017።

ከስቴዲየም፦ ሰርቨራችሁ 2025 እያለ? ለውጭ አማካሪ ማን ሊያስረዳው ነው?

ከሜክሲኮ፦ ኦዲተራችን የሚጠይቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የውጭ አማካሪ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው።

ከለገሃር፦ ሰዓቱ ይብሳል። «ሌሊት 8» ብለን የሰየምነው ኤስካሌሽን (በተወሰነ ሰዓት በራሱ የሚነሣ ትእዛዝ) ሰርቨሩ ላይ 2 ሰዓት ነው። አዲስ የተቀጠረው ልጅ ተሳስቷል ብሎ ወደ 8 ቀየረው፤ ማሳሰቢያው ጠዋት ሥራ መጀመሪያ ላይ ይወጣ ጀመር።

ከስቴዲየም፦ ታዲያ ያልኩት ይኸው አይደለም?

መልስ፦ በቃ፣ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ቀን ከስም ይውጣ። የመጨረሻውን ለውጥ ማን መቼ እንዳደረገው ሥርዓቱ ራሱ ይመዘግባል፤ ምክንያቱን ለውጥ ታሪኩ ላይ በምትፈልጉት አቆጣጠር ጻፉ። ሰዓት የግድ ከሆነ የሰርቨሩን አጻጻፍ ተከተሉ፤ 0200።

ከአራት ኪሎ፦ ስሙ አልሠራ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የምን ስም? በየትኛው ሥሪት? ሎጉ የት አለ? እንዲህ ተጠይቆ መመለስ አይቻልም።

ከቸርችል ጎዳና፦ የአምራቹን ፊልተር ማስተካከል ግድ ቢሆንብንስ? 8.1 ላይ ነን።

መልስ፦ ከ7.6.04 ጀምሮ ኦቨርሌይ (ዋናውን ሳይነካ ከላዩ የሚቀመጥ የራሳችሁ ቅጂ) አለላችሁ፤ በእሱ ሥሩ። ከዚያ በፊት በቀጥታ የተነካ ኦብጀክት ሥሪት ሲሻሻል ተደርቦበት ይጠፋ ነበር። አትንኩ የምለው ለዚህ ነው።

ከፒያሳ፦ የፈቃዱ ዋጋስ ስንት ነው?

መልስ፦ ሻጩን ጠይቁ።

ከአራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ አዲስ ፊልተር ስሙ በምን ይጀምር?

መልስ፦ ለካዛንቺስ መልሻለሁ፤ ከላይ አንብብ።

ከለገሃር፦ ነባሮቹን ሁሉ በአንድ ቀን ብንሰይማቸውስ?

መልስ፦ በጅምላ አይሆንም። አዲሱን ከዛሬ ጀምራችሁ በደንቡ ሰይሙ፤ ነባሩን ለሌላ ሥራ በከፈታችሁት ጊዜ፣ በመሞከሪያው ሰርቨር ላይ ቀይሩት። የድሮው ስም በስክሪፕት ወይም በሪፖርት ውስጥ በጽሑፍ ካለ አብሮ አይቀየርም፤ እሱን አስቀድማችሁ ፈልጉ። ስሙ መጨረሻ ላይ ያ የ«`!» ምልክት ካለ ደግሞ እንዳለ ይቆይ።